ግልገሏን የሰረቅኩባት ጎረቤቴ

መጥሬድ ጎረቤቴ ነበረች። በእሷና በእኔ ድንኳን መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው ለማማት የሚበቃቸው ያህል ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ኖርን።

እኔ ቄናዊት ነኝ። ስሜ ሴላ ነው፤ ባሌ ሐማት አንጥረኛ ነው። እኛ ቄናውያን የኛ የምንለው አገር የለንም፤ ቢላዋ የዶለደመበት ሰው ባለበት ሁሉ ወናፋችንን እንተክላለን። በዚያ ዘመን የተከልነው በደቡቡ ምድረ በዳ፣ ከአማሌቃውያን ሰፈር ጫፍ ላይ ነበር። እኛ ነሐሱን እንቀጠቅጣለን፣ እነሱ ወተትና ሥጋ ይሰጡናል። ጠዋት ጠዋት ከምድጃው ጥላሸት በአውራ ጣታችን አንስተን ግንባራችንን እንቀባለን፤ ያ የወገናችን ምልክት ነው። መጥሬድ ግን "ዛሬም ፊትሽን ሳትታጠቢ ወጣሽ?" እያለች ትሥቅብኝ ነበር።

ዛሬ ሰዎች ስለ አማሌቅ የሚያወሩትን እሰማለሁ። ከኋላ መጥተው የደከመውን ይመታሉ፣ እግዚአብሔርን አይፈሩም ይባላል። ውሸት ነው አልልም። የሰው አህያ ከነጭነቱ እየነዱ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጥሬድ ባል የሞተውም የሰው በሬ ሲነዳ ነው። ራሷ ናት የነገረችኝ። "እሱ መንገድ ቀረ፣ በሬው ግን ደረሰ" ብላ ሣቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መሸመኛዋ አዞረችና እስኪመሽ ሸመነች።

ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ አፏ የማይመለስ ሴት ነበረች። የፍየል ጠጉር ፈትላ የድንኳን ጨርቅ ትሠራለች፤ የሷ ጨርቅ ዝናብ አያስገባም ይባል ነበር። ዓይኗ የጠፋ እናቷን፣ እማማ ዓዳን፣ ትጦራለች። ሀብቷ አንዲት እናት ግመልና ከሥሯ የማትለይ ግልገል ነበሩ። ያቺን ግልገል ከሰው አስበልጣ ትወዳት ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ የማናውቀው ሰው የተሰበረ ማጭድ ይዞ መጣ። ሐማት ማጭዱን አገላብጦ አየውና አስቀመጠው። በኋላ ነው የነገረኝ፤ አጨዳ ላይ የተሰበረ አልነበረም፤ ሆን ተብሎ በድንጋይ የተሰበረ ነው። ሰውዬው የሽማግሌያችንን የአያ ሬካብን ድንኳን ጠይቆ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ማጭዱንም ጥሎት ሄደ።

በማግስቱ አያ ሬካብ ሁላችንንም ከምድጃው ጀርባ ሰበሰቡን። ንግግራችን ወደ ሰፈሩ እንዳይሰማ አንዱን ወንድ መዶሻ አስያዙት። ነሐስ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ ምንም አልነበረም። ሰውዬው ባዶ መስፍ እየቀጠቀጠ እኛ እናወራለን።

"ከመካከላቸው ውጡ ተብለናል" አሉ አያ ሬካብ። "የእስራኤል ደገኞች ናቸው የላኩት። ድሮ አባቶቻችን ውለታ ውለውላቸው ነበርና ያንን አስበው ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት እንወጣለን። ጥላሸቱን ግንባራችሁ ላይ ማድረግ እንዳትረሱ።"

"ለምን ነው የምንወጣው?" አልኩ።

"ለምን እንደሆነ አልተነገረኝም።"

"እርስዎ ግን አውቀውታል፣ አያ።"

አያ ሬካብ እያንዳንዳችንን እጃችንን ወደ ምድጃው ዘርግተን ለማንም ላንተነፍስ አስማሉን። አንድ ቃል ካመለጠ ደገኞቹም አይምሩንም፣ አማሌቃውያኑም ሰላዮች ብለው ያርዱናል አሉ። አርባ ሁለት ነፍስ ነበርን፤ ግማሹ ሕፃን። እኔም ማልኩ። መዶሻው እንደዚያው ባዶውን ይመታ ነበር።

በሁለቱ ቀናት ውስጥ መጥሬድ ሦስት ጊዜ ድንኳኔ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ አብሬያት ሣቅኩ። ማታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። አልናገርም ብዬ ነው የማልኩት፣ አልሰርቅም አላልኩም።

የወጣን ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ወደ መጥሬድ ድንኳን ጀርባ ዞርኩና የግልገሏን ገመድ ፈታሁ። እናቲቱ እግሯ ታስሮ ስለነበር ልትከተለን አልቻለችም፤ አንገቷን ዘርግታ ብቻ አየችኝ። ግልገሏን ከአህያዬ ኋላ አሰርኳት። መጥሬድ በዚያ ሰዓት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። እማማ ዓዳ ግን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው በእርምጃው ነው የምታውቀው።

"ሴላ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"አህዮቻችሁ ለምንድን ነው ከብዷቸው የሚራመዱት?"

"ከሰል ልናመጣ እየሄድን ነው።"

"ከሰል ሊያመጣ የሚሄድ አህያ ባዶውን ነው የሚሄደው" አለች። ከዚያ እጇን ወደ ድምፄ አቅጣጫ አውለበለበችና "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። ፀሐይ ሳይበረታ" አለችኝ። ያንን ቃል ዛሬም ድረስ ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም።

የሰፈሩ ሰው ተነሥቶ ነበር። ልጆች እየሮጡ ሸኙን። አንዱ "ቢላዬን ሳትጨርሱልኝ የት ነው?" ብሎ ጮኸ፤ ሐማት "ስመለስ!" አለው። ወደ ኋላ ሳይ ሰዎቹ በየደጃፋቸው ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። ውሾቹ አልተከተሉንም። ሁልጊዜ እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ የሚከተሉን ውሾች ያን ቀን ከድንኳኖቹ መስመር አላለፉም፤ ተደርድረው ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ እንዳለች ጩኸቷን ሰማሁ። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፣ ድንጋይ በእጇ ይዛ፣ ብቻዋን ትመጣለች።

"አንቺ ጥላሸታም ሌባ! አሥራ አንድ ዓመት ወተቴን ጠጥተሽ!"

ሳቅና ለቅሶ እኩል መጣብኝ። "ነይ ውሰጃት!" አልኳትና አህያዬን በበትር መታኋት። እኔ ስፈጥን እሷ ትፈጥናለች፤ እሷ ስትደርስብኝ ገመዱን እይዛለሁ፤ ትጎትታለች፤ እጎትታለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩናል። አያ ሬካብ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ የሠራሁት ገብቷቸዋል።

"ምን ሆነሻል ሴላ? አብደሻል? ግልገል ከፈለግሽ ለምን አትጠይቂኝም ነበር?"

"ትንሽ አብረሽኝ ሂጂ፣ እዚያ ስንደርስ እሰጥሻለሁ።"

"እዚያ የት?"

እንዲህ እየተጓተትን የሸለቆውን ኩርባ ታጠፍን።

ሸለቆው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከዚህኛው ቋጥኝ ሥር እስከ ማዶው ቋጥኝ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተቀመጡ ወንዶች፤ ጦራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ዓይን እስከሚያይበት ድረስ እንደዚያ ነው። ማንም አይናገርም። ያን ያህል ሰው ባለበት ሳል እንኳ አልተሰማም። የዝንብ ድምፅ ብቻ ነበር። በመካከላቸው አንዲት ቀጭን መንገድ ትተውልናል።

መጥሬድ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ የራሴን ግንባር በአውራ ጣቴ ጠርጌ ግንባሯ ላይ ለቀለቅኩባት፤ ሻሼን አውልቄ ራሷ ላይ ጣልኩ። እጇን ያዝኳት። ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። መሬት ሲነካ ያሰማው ድምፅ ሸለቆውን የሞላው መሰለኝ፤ ግን አንድም ሰው ቀና አላለም።

"ከጮኽሽ ሕፃናቱም ያልቃሉ" አልኳት በጆሮዋ።

"እናቴ" አለች።

ሄድን። ካየኋቸው አንዱን አልረሳውም። የተበጠሰ የጫማውን ጠፍር በጥርሱ እየሳበ ያስር ነበር። አህያዬ ልትረግጠው ስትል እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አሳለፈን፤ ጠባብ ቤት ውስጥ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው። ፊታችንን አላየም። ሊገድል እንደሚሄድ ሰው አይመስልም ነበር፤ ምንም አይመስልም ነበር።

በሸለቆው መውጫ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ቆሞ በጣቱ እየቆጠረ ያሳልፈናል። ስንጨርስ እጁን አነሣ።

"አርባ ሁለት ነው የተባልነው። አርባ ሦስት ናችሁ።"

ባሌ ሐማት ወደ ፊት ወጣ።

"ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት ጌታዬ። ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ሳትቆጠር ቀርታ ነው።"

ሰውዬው መጥሬድን አያት፣ እኔንም አየኝ። "እዚያ ማዶ ሲጮሁ የሰማኋቸው እነዚህ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው።"

"በምን ተጣሉ?"

"በግልገል።"

ሰውዬው ድምፅ ሳያሰማ ሣቀ፤ ትከሻው ብቻ ተነቃነቀ። "እኔም ሁለት አሉኝ" አለ። "እለፉ።"

ከሸለቆው ርቀን ዓለቱ ከጋረደን በኋላ መጥሬድ ወደ ኋላ ሮጠች። ሦስት ወንዶች ያዟት። ብትመለስ በመንገድ ይገድሏታል፣ እኛንም ፈልገው ይመጣሉ። በዚያችው በግልገሏ ገመድ አሰርናት። አፏንም አሰርነው። ይህንን የምናገረው ለመናገር ስለሚቀለኝ አይደለም። ሁለት ቀን እንደዚያ ቆየች፤ ውኃ ላጠጣት አፏን ስፈታ አትሰድበኝም፣ አትለምነኝም፤ ወደ ደቡብ ብቻ ታያለች። በሦስተኛው ቀን በስተምዕራብ ትልቅ አቧራ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲያልፍ አየን። ከውስጡ የበግ ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የአንድ አገር በግ ሁሉ በአንድ ላይ የሚጮህ ይመስል ነበር። ደገኞቹ ምርኮውን ነድተው ሲያልፉ ፈታኋት።

አብሬያት ተመለስኩ። ማንም እንድሄድ አላዘዘኝም፤ እሷም ነይ አላለችኝም።

ሰፈሩ የደረስነው በእኩለ ቀን ነው። ስላየሁት ሁሉ አልናገርም። ጥንብ አንሣዎቹ ጠግበው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስንቀርባቸው አልተነሡም፤ ራመድ ራመድ ብለው ብቻ መንገድ ለቀቁልን። ብዙዎቹ ድንኳኖች ቆመው ነበር። የመጥሬድ መሸመኛ ከነካስማው እንደተተከለ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ፣ ነፋሱ ሲመጣ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሠራበት ይመስል ነበር። እሷ ብቻዋን ወደ ድንኳኗ ገባች። ረጅም ጊዜ ቆይታ ወጣች። እጇ አፈር ብቻ ነበር። እናቷን እዚያው ውስጥ ቀብራት እንደነበር አወቅኩ።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ከአንደኛው ድንኳን ደጃፍ ቆመችና እንደ ወትሮው እንደ ጎረቤት "ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ዋላችሁ?" አለች። ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ያህል ጠበቀች። ወደሚቀጥለው ሄደች። "ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን ዋላችሁ?" እንደገና ጠበቀች። እኔ ኋላዋ እየሄድኩ ተይ ማለት አቃተኝ። ስድስት ድንኳን እንደዚህ ሄድን።

ከሰባተኛው ድንኳን ውስጥ "ግቡ" የሚል ድምፅ መጣ።

የሴት ድምፅ ነበር። ደከም ያለ፣ ሥራ ላይ ያለች ሴት ድምፅ። ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ነፋስ ነው፣ ድካም ነው፣ ጥማት ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን ነፋስም ጥማትም አውቃለሁ። የድንኳኑ መጋረጃ ተጥሎ ነበር። ቁስለኛ ትኖር እንደሆነ ብዬ እጄን ልሰድ ስል መጥሬድ ክንዴን ያዘችኝ።

"እኔ እገባለሁ" አልኳት።

"አትግቢ።"

"ሰው ቢኖርስ?"

"ይህ የእኅቴ ቤት ነው" አለች። "እኅቴን አሁን ከእናቴ ጋር ነው የቀበርኳት።"

ስንመለስ ጎን ለጎን ነው የሄድነው። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"አንዷን ሰረቅሽ" አለችኝ። "ሁለተኛ መስረቅ ያቅትሽ ነበር?"

"መሐላ ነበረብኝ።"

"ግልገሏን ስትፈቺ መሐላው የት ነበር?"

እማማ ዓዳን በአህያ ጭኜ ከሰል ልናመጣ ነው ብል ማን ይከለክለኝ ነበር? አላሰብኩትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ መጥሬድ ዘጠኝ ዓመት ከኛ ጋር ኖረች። በወሬ የሐማት ሁለተኛ ሚስት ነበረች፤ ሐማት ግን ድንኳኗን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ጥላሸቱን በየጠዋቱ ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። ቀልዷ ግን ጠፋ። ወገኖቼ ዙሪያዋን እየዞሩ መሄድ ጀመሩ፤ ልጆቹ "ስትራመድ ድምፅ የላትም" ይሉ ነበር። እኔም አንዳንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ስታስደነግጠኝ እውነታቸውን ነው እላለሁ። በእኩለ ቀን ከሰፈሩ ወጣ ትልና ወደ ደቡብ ዞራ ትቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ትጠብቃለች።

ደገኞች ማረሻና ማጭድ ሊያሠሩ ወደ ሐማት ይመጡ ነበር። አንዱ ወተት እየጠጣ ስለዚያ ዘመቻ አወራ። "አማሌቅ የሚባል አንድ ነፍስ አልቀረም" አለ። ወተቱን የሰጠችው መጥሬድ ናት፤ ፊቱ ቆማለች።

"አንድም?" አለችው።

"አንድም እናቴ። ይህ ወተት ግሩም ነው፤ የምንድን ነው?"

"የአማሌቅ ግመል ነው" አለችው።

ሰውዬው መቀለዷ መስሎት ከት ብሎ ሣቀ፤ ጨምሪልኝ አለ። ጨመረችለት። ያቺ የሰረቅኳት ግልገል አድጋ፣ ወልዳ፣ የምትታለብ ሆና ነበር።

በስምንተኛው ዓመት በፀደይ፣ ቀትር ላይ፣ አምስት ግመል ጋላቢዎች ከደቡብ መጥተው ጉድጓዳችን ጋ ቆሙ። ሲነጋገሩ አነጋገራቸውን ሰማሁ። አማሌቃውያን ነበሩ። መጥሬድ አቁማዳ ይዛ ወደነሱ ስትሄድ አየኋት፤ ከስምንት ዓመት ወዲህ ስትቸኩል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ከመካከላቸው ሽማግሌው አያትና ግመሉን ወደ ኋላ አስፈገፈገ።

"ጎቶም!" አለችው። "የባሌ ወንድም አይደለህም? መጥሬድ ነኝ።"

"መጥሬድ ሞታለች" አለ ሰውዬው። "እኛ የግመል መንጋ ይዘን ሩቅ ነበርን። ስንመለስ ሁሉም አልቆ ነበር። ድንኳኗ ውስጥ መቃብር አገኘን። ድንጋይ አቆምንላት።"

"እናቴና እኅቴ ናቸው። እኔ ነኝ የቀበርኳቸው።"

"ሁሉንም በስሙ አልቅሰናል። አንቺንም አልቅሰናል።"

"ውኃ ጠጡ።"

አቁማዳውን ዘረጋችላቸው። ከጥማት ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር፤ አንዳቸውም አልተቀበሏትም። የሙት እጅ ውኃ ከጠጡ ተከትለዋት እንደሚሄዱ ያምናሉ። መጥሬድ የግራር እሾህ ከመሬት አንሥታ መዳፏን ወጋችና ደሙን አሳየቻቸው። ጎቶም ደሙን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ግመሉን አዞረና ሳይጠጣ ሄደ፤ አራቱም ተከተሉት። እሷ በእግሯ ተከተለቻቸው። ዞረው ባዩዋት ቁጥር ግመሎቻቸውን ያስሮጡ ነበር።

በማግስቱ ማታ እግሯ ተላልጦ ተመለሰች። አጠብኩላት። እሷም አልከለከለችኝም።

ቀጣዩ ፀደይ ሲመጣ ግን አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን በግመል መጣች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከርቀት ቆማ ጠራችኝ።

"የሞተችው ሴት እዚህ ናት?"

"ማንን ነው?"

"አክስቴን። ማዕካ እባላለሁ። ያን ጊዜ ከአባቴ ጋር ከግመሎቹ ዘንድ ነበርኩ። ጎቶም የሞተችውን አየኋት አለ። እናቴ ከሷ ጋር ትሆን እንደሆነ ልጠይቃት መጣሁ።"

መጥሬድ ከድንኳኗ ወጣች። የእኅቷ ልጅ ነበረች። ልጅቷ ልጓሙን አጥብቃ ይዛ አየቻት፤ ከዚያ ከግመሏ ወረደች።

"ለሙት ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለቻት መጥሬድ።

"ተምር።"

"አምጪዋ።"

ተምሩን ተቀብላ በላች፤ ፍሬውን እንትፍ አለችው። "ደርቋል" አለች። "ከማን ገዛሽው? አታለሉሽ።"

ልጅቷ መጀመሪያ ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሦስት ቀን ተቀመጠች። ሁለቱ ሲያወሩ ድንኳኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ መጥሬድ እንደ ድሮዋ ትሳደብ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዕቃዋን ጫነች። ግንባሯ ንጹሕ ነበር።

"ሐማትን ፈትቼዋለሁ በይው" አለችኝ።

"ይቅር ብለሽኛል?" አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው።

አሰበች። የግመሏን ማሰሪያ እንደገና ፈታ አጠበቀችው። "እናቴ ትወድሽ ነበር" አለች። ከዚያ ወጥታ ተቀመጠችና ሄዱ። ያቺን ግመል ከነልጇ ይዛ ሄደች፤ እኔም አልከለከልኳትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጦርነት ሆኗል፤ አማሌቅም ወግቷል፣ ተወግቷል። የእሷን ወሬ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽቶ የሚነግድ አንድ ሰው ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ የድንኳን ጨርቅ የምትሠራ፣ ምላሷ እሳት የሆነ አሮጊት አጋጥማኝ ነበር አለኝ።

"ረጅም ናት?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እኔ እንጃ" አለኝ። "ተቀምጣ ነው ያየኋት።"